የድሮ የኖርዌይ ስፖርት መጽሔት ከሐዋሳ ሆኖ ማንበብ፦ ያዋጣል ወይ?

ኖርዌይ ሲባል እኔ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ቢስሌት ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እ.ኤ.አ. 5,000 ሜትሩን በ14:11.15 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት የኦስሎ ስታዲየም። ሐዋሳ ላይ ግን ኖርዌይ ከተነሳ ወሬው ሚሲዮኑ ነው፤ ስፖርታቸውን የሚያነሳ የለም። እና የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድሮ የታተሙትን ጋዜጣና መጽሔቶች በኢንተርኔት እንደሚያስነብብ ስሰማ፣ ቀጥታ የፈለግኩት ኖርስክ ኢድሬትስብላድን ነው። በ1880ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጀመረ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የስፖርት መጽሔቶች አንዱ።

አገልግሎቱ አሪፍ ነው። ክፍያ የለውም፣ ገጹን ልክ እንደታተመው ታየዋለህ፣ ውስጡ ያለውን ቃልም መፈለግ ይቻላል።

ነገሩን የሚያጣፍጠው ግን ዘመኑ ነው። ክሪስቲያንያ (የዛሬዋ ኦስሎ) አጠገብ ሁሴቢ ኮረብታ ላይ የስኪ ዝላይ (በበረዶ መንሸራተቻ እየተንሸራተቱ መዝለል) ውድድር የተጀመረው በ1879 ነው፤ ከቴሌማርክ ገጠር የመጡ ልጆች እየዘለሉ የከተማውን ሰው አፉን አስከፈቱት፣ ከዚያ በ1892 ውድድሩ ወደ ሆልመንኮለን ዞረ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ሬዲዮ የለ፣ ቲቪ የለ። ማን አሸነፈ የሚለውን ሩቅ ያለ ሰው ከወረቀት ነው የሚያገኘው። ፈረንሳይ ውስጥ ሎቶ የተባለው ጋዜጣ በ1903 የብስክሌት ውድድሩን ቱር ደ ፍራንስን፣ የጣሊያኑ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት ደግሞ በ1909 የጣሊያኑን የብስክሌት ውድድር ጂሮን የፈጠሩት ጋዜጣቸው እንዲሸጥ ነበር። ሁሴቢ ላይ ግን ዝላዩ ቀደመ፣ መጽሔቱ ኋላ ደረሰ። እኔ ይሄኛው ይመቸኛል።

ኳስ ፈልጋችሁ ከሆነ ይደብራችኋል። የእግር ኳስ ፌዴሬሽናቸው ራሱ የተቋቋመው በ1902 ነው፤ ከዚያ በፊት ወሬው ስኪ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ ቀዘፋ ምናምን ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ቋንቋው ከ1907ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ በፊት የነበረው፣ ዴንማርክኛ የሚመስለው ነው፤ የስልክ መተርጎሚያ አንዳንዱን አረፍተ ነገር እንዳለ ያበላሸዋል። የቅጂ መብታቸው ያላለፈ አዳዲስ ሕትመቶች ደግሞ አብዛኞቹ ከኖርዌይ ውጪ አይከፈቱም፣ ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ነገር አትጠብቁ። ገጾቹም ፎቶ ስለሆኑ ዳታ ይበላሉ። አሞራ ገደል አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ በዋይፋይ ልከፍት ብል ማኪያቶው ቀዝቅዞ ገጹ ገና ግማሹ ነው የመጣው (ማኪያቶው ግን ጥሩ ነበር)። ጠዋት ጠዋት ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ ብትሞክሩ ይሻላል።

የስፖርት ታሪክ ለሚወድ፣ በተለይ ስፖርት ጋዜጠኝነት ለሚማር ልጅ፣ አይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ውጤት ብቻ ለሚፈልግ ግን ድካም ነው። ስትፈልጉ ኦስሎ ብላችሁ አትጻፉ፤ ከተማዋ ስሟ ወደ ኦስሎ የተመለሰው በ1925 ነው። ክሪስቲያንያን በሲ ኤችም በኬም ጀምራችሁ ሞክሩት፣ ሁለቱም አጻጻፍ አለ።