ያገለገለ ቻፕማን ስቲክ በቪዲዮ ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ

ሙዚቀኛ ወዳጆቼ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ያገለገለ ስቲክ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 1,900 ዶላር ከስሬበታለሁ። ሌላ ሰው እንዲደገምበት አልፈልግም።

መሣሪያውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ስቲክ ሲያዩት ረጅምና ሰፊ የጊታር አንገት ይመስላል፤ ሆድ የለውም። የተለመደው ዓይነት 10 ክር አለው፤ አምስቱ ለዜማ፣ አምስቱ ለቤዝ። ክሩ አይገረፍም። ሁለቱም እጆች ፍሬቱ ላይ (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ክሩን መታ መታ እያደረጉ ነው የሚጫወቱት፣ ፒያኖ እንደሚነኩ። አጨዋወቱን እ.ኤ.አ. በ1969 ያገኘው ኤሜት ቻፕማን የሚባል የሎስ አንጀለስ የጃዝ ጊታሪስት ነው። በ1974 መሣሪያውን ለገበያ አቀረበ። ሮክ የምትሰሙ ደግሞ ከቤዝ ተጫዋቹ ቶኒ ሌቪን ታውቁታላችሁ፤ ከኪንግ ክሪምሰን ባንድም ከዘፋኙ ፒተር ጋብርኤልም ጋር ተጫውቶበታል።

እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ባንዳችን ከተበተነ ቆየ፤ አንዱ የሌሊት ፈረቃ ገባ፣ አንዱ ስቴት ቀየረ። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል አንድ ሰውዬ የድሮ የሮክ ዘፈኖችን በስቲክ ብቻውን ሲጫወት አየሁ። ቤዙ፣ ኮርዱ፣ ሊዱ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

አዲሱ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። ሌላ ስቴት ያለ ሻጭ አገኘሁ፤ ትሁት ሰው፣ ቶሎ መልስ የሚሰጥ። «እንከን የለበትም» ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ የታወቀ የሮክ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውቷል። ዜማው ያምራል፣ ቤዙም ከሥር ይጎተጉታል። ካሜራው የሚያሳየው ግን ቀኝ እጁን ነው። እኔም ልቤ ስለከጀለ ግራ እጅህን አሳየኝ አላልኩም።

መሣሪያው መጣ። ሰካሁት። የቤዙ ወገን ድምፅ የለውም። ገመድ ቀየርኩ፣ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ቀየርኩ፣ ምንም። ስቲክ የዜማውንና የቤዙን ድምፅ ለያይቶ ነው የሚያወጣው፤ ሁለቱን የሚለይ የስቴሪዮ ገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው ወገን ቢሞትም ሌላኛው ደህና ሆኖ ሊያታልላችሁ ይችላል። ቪዲዮውን መልሼ መላልሼ አየሁት። ሁለተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግራ እጁ ለአፍታ ወደ ካሜራው ይገባል። ጣቶቹ ከክሩ ተነስተው በአየር ላይ ናቸው። ቤዙ ግን አላቆመም። ቀድሞ የተቀዳ ነበር ማለት ነው።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። አንገቱ ጎብጧል። በተራ ጊታር ላይ ትንሽ ጉብጠት ያስኬዳል፤ በስቲክ ላይ ግን አያስኬድም። ድምፁ የሚወጣው ጣት ክሩን ወደ ፍሬቱ ሲመታው ብቻ ስለሆነ፣ ክሩ ፍሬቱን ሊነካ ምንም ያህል የማይቀረው መሆን አለበት። ከፍ ካለ በኃይል ትመታላችሁ፣ አንዱ ኖታ ይጮሃል፣ ሌላው ይሰወራል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣታችሁ ይዝላል። ከላይ ጫፍ ላይ ክሮቹን የሚያፍነው ለስላሳ ማፈኛም የለም። እሱ ከሌለ ጣታችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ባዶው ክር ይንጫጫል። በቦታው ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎበት ነበር፤ ፎቶ ላይ ማፈኛ ይመስላል።

አንድ ነገር ግን ከፎቶው ብቻ ልይዘው ይገባ ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። በመደበኛው የስቲክ ቅኝት ወፍራሙ የቤዝ ክር የሚቀመጠው መሃል ላይ ነው። ክሮቹ ወደ ሁለቱም ዳር ሲሄዱ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። የእኔው የቤዝ ወገን እንደ ተራ ቤዝ ጊታር ወፍራሙን ክር ዳር አድርጎ ነው የታሰረው። ሻጩ መሣሪያውን አያውቀውም ነበር፤ ወይም እኔ እንደማላውቀው አውቋል።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ገንዘቡን የላክሁት በስልክ መተግበሪያ «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ ነው። «ኮሚሽን እንዳይቆርጥብን» አለኝ፣ እሺ አልኩ። ቅሬታ ሳቀርብ በዚያ መንገድ ለተላከ ገንዘብ ከለላ የለም ተባልኩ። ይህንን ጥያቄ ከማንም ሻጭ ከሰማችሁ እዚያው ላይ ተዉት። ምንም ቅናሽ ቢያደርግላችሁ እሺ አትበሉ።

መግዛታችሁ ካልቀረ ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት። መሄድ ካልቻላችሁ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ላይ እያንዳንዱን ክር፣ ከታች እስከ ላይ፣ በየፍሬቱ አንድ በአንድ መታ ያድርግላችሁ። መጀመሪያ የዜማው ወገን ለብቻው፣ ከዚያ የቤዙ ለብቻው ይሰማ። ዘፈን አያስፈልግም፤ ዘፈን ጉድለት ይሸፍናል። አንገቱን ከጫፍ ወደ ጫፍ እያነጣጠረ ያሳያችሁ። ዕድሜው የገፋ ከሆነ አንገቱ የሚቃናበት ብሎን እንዳለው ጠይቁ። ተከታታይ ቁጥሩንም በፎቶ ተቀበሉ፤ አምራቹ ድርጅት ስለ መሣሪያው ሊነግራችሁ ይችላል። ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልበት መንጠቆም አብሮ መኖሩን እዩ፣ ያለሱ ቀጥ ብሎ አይቆምላችሁም።

የእኔው አሁን ጊታር ጠጋኝ ጋ ነው። የክሩን ድምፅ ተቀብሎ ወደ አምፑ የሚልከው ፒክአፕ ይቀየራል፣ አንገቱ ግን ገና አልታወቀም። እናንተ የሚሸጥ ካያችሁና ከተጠራጠራችሁ ፎቶውንና ቪዲዮውን ላኩልኝ። አብረን እናየዋለን፣ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ጊዜ አለኝ።