ለማይቆም እንስሳ 4ቢ እርሳስ

እንስሳ ቁም ቢሉት አይቆምም። ድመቷ ተኝታለች ብላችሁ ወረቀት ስትገልጡ እሷ ተነስታ ትንጠራራለች። ስለዚህ እንስሳ ለመሳል እርሳስ ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጄን ያዘገየዋል ወይስ አያዘገየውም? አሁን የምጠቀመው ፋበር ካስቴል 9000 ነው፤ ያ አረንጓዴው፣ 4ቢ። አያዘገይም።

እርሳሱ ከ6ኤች እስከ 8ቢ ድረስ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፤ ኤች የጠንካራው፣ ቢ የለስላሳው ምልክት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጠባዩ ይብሳል። የእርሳስ ልብ የግራፋይትና የሸክላ አፈር ድብልቅ ነው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። መካከለኛው ኤችቢ ለጽሑፍ ግሩም ነው። ለፍየል ግን አይሆንም፤ ካልተጫኑት አይደምቅም፣ ሲጫኑት ደግሞ እጅ ይከብዳል። ፍየሏ እስከዚያ የት ደርሳ! 8ቢ በበኩሉ ቶሎ ይዶለዱማል።

4ቢ እንደ ሁለት እርሳስ ያገለግላል። በጫፉ ቀጭን መስመር፣ ጋደም ሲያደርጉት ሰፊ ጥላ። ከአንገት እስከ ጅራት ያለውን የጀርባ መስመር በአንድ ትንፋሽ አወርደዋለሁ። ከዚያ የጭንቅላቱ ዘንበል ማለት፤ እግሮቹ በመጨረሻ። ድመት ስታደባ እዩዋት፤ የትከሻዋ አጥንት ከጀርባዋ በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። የፊት እግሯን ከደረቷ ጋር ያያያዘው አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ስለሆነ ነው። እዚያች ቦታ ላይ እርሳሱን ትንሽ ጫን ካላችሁ ወረቀቱ ላይ ያለችውም ማድባት ትጀምራለች። ፀጉር በፀጉር መሳል የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ይቅርታ፣ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። እንስሳው ከተንቀሳቀሰ ያቋረጥኩትን ትቼ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ እጀምራለሁ። እህል የምትለቅም ዶሮ ወደ ቀድሞው አቋቋሟ መመለሷ አይቀርም፤ ያኔ እቀጥላለሁ። ላጲስ አላወጣም።

በተራ መቅረጫ ከተቀረጸ ጫፉ አጭር ስለሚሆን በጎኑ ጥላ መሙላት ያስቸግራል። በቢላ ረዘም አድርጋችሁ ቅረጹት። ስድስት ጎን ስላለው ጉልበት ላይ ቢያስቀምጡት ተንከባሎ አይሄድም፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ ጎንበስ ብሎ እርሳስ መፈለግ ውሻውን ያስነሳዋል።

እጅ ሲነካው ይቀባባል፤ ያ የለስላሳ እርሳስ ሁሉ ጠባይ ነው። ጥቁር ውሻ ለመሳል ግን አልመክረውም። ግራፋይት ሲደራረብ ስለሚያብረቀርቅ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። ለእሱ የሥዕል ከሰል ያዙ።

ከገዛችሁ ሁለት ግዙ፣ ሁለቱንም ቀርጻችሁ ያዙ። ዶሮ እየጫረች እርሳስ ልቅረጽ ብሎ ነገር የለም።