የአባይ መውጫ የጀልባ ጉዞ፦ ጉማሬውን የሚያውቅ ሰው ሲኖርና ሳይኖር

ጥር ላይ፣ ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ፣ ከሞጣ በአዴት አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ። የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር። 11 ዓመቱ ነው። ጉማሬን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ጉማሬ ለሌላ ሰው ልጆች ስንት ዓመት ሳወራ ኖሬ የራሴን የእህት ልጅ ጣና ሳላሳየው መቆየቴ ይቆጨኝ ነበር።

ከባሕር ዳር ተነስተው አባይ ከጣና ወደሚወጣበት የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ። ጉማሬ ለማየት ሰው የሚሄደው በእነሱ ነው። እኛ ሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ሄድን። ሁለቱም ጉዞ አንድ ውኃ ላይ ነው። ዋጋውም ተቀራራቢ ነው። ግን የመጀመሪያውን ለማንም አልመክርም፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሁሉም ሰው ቢያየው እመኛለሁ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ተነሳን። ክፍያው ለጀልባው በሙሉ ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ተጋራን። ላይፍ ጃኬት ሰጡን። የልጁ ግን ሰፊ ነው፤ መቆለፊያውም አይይዝም። ሌላ እንዲቀይሩልን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከልጅ ጋር የምትሄዱ ከሆነ መሬት ላይ እያላችሁ ጃኬቱን አስሩለት፤ ካልያዘ ጀልባው ላይ አትውጡ።

ሐይቁ ግን ያምራል። የእንጨት ሸክም የያዙ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማው እየቀዘፉ ሲመጡ አየን። ውኃው አፋፍ ላይ ደርሷል ስትሉ አይሰምጡም። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ደብረ ማርያምን አልፈን ውኃው መሄድ ወደሚጀምርበት ስንደርስ፣ ደንገሉ ዳር፣ ጆሮዎች ታዩ። ጉማሬ ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሞተረኛው ቀጥታ ወደ እነሱ ነዳ። ግልገል የያዘች እናት ነበረች። ለፎቶ ራሷን እንድታወጣ ብሎ ሞተሩን አጓራው። እኔ “ኧረ ተው ወንድሜ፣ ልጅ ይዘናል!” አልኩ። “እታለም አትፍሪ፣ ለምደውናል” አለኝ። ጉማሬ ሰውን አይለምድም። በተለይ እናት። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ጀልባ መገልበጥ አያቅተውም። ጀልባው ደግሞ የገባው በእሷና በጥልቁ ውኃ መካከል ነበር። መሸሻዋን ዘጋንባት ማለት ነው። ውኃው ሲናወጥ የእህቴ ልጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘ። ደግነቱ እናትየዋ ጠልቃ በሥራችን አለፈች።

ስንመለስ አስጎብኚው ዳር ላይ ወዳሉት ጎጆዎች ጠቆመ። “እነዚያ ወይጦዎች ናቸው፤ ጉማሬ ይበሉ ነበር” አለ። ባልና ሚስቱ ፊታቸውን አጨማደዱ። ነገደ ወይጦ ጣና ዳር የሚኖሩ፣ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስለ እነሱ የተነገረን ይኸው ነው። አንድ አረፍተ ነገር፤ እሱም የንቀት።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የአያቴ ቤት ነው። ሞጣ አጠገብ ገጠር ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የጉማሬ አለንጋ ተሰቅሎ ነበር። ከርቀት የመጣ የከበረ ዕቃ ነበር። ልጅ ሆነን ስናጠፋ “ጉማሬውን አምጪልኝ” ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። የማን እጅ እንደሠራው ግን ጠይቄ አላውቅም። አገሩ የአዳኙን አለንጋ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ አዳኙን ግን ከማዕዱ አራቀ። ክርስቲያኑ ጉማሬ ስለሚበሉ ናቃቸው። እስላሙም እስልምናቸውን አልቀበል አላቸው። ይህን ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ማታ ሐይቁ ዳር የደንገል ቅርጫትና ትንንሽ ታንኳ ከምትሸጥ ሴት ጋር ተጫወትን። ከነገደ ወይጦ ናት። ልጁ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። “ነገ አባቴ ይዟችሁ ይሂድ” አለች። ጀልባ ግን የላቸውም። በማግስቱ ሌላ ሞተረኛ አግኝተን፣ አባቷን ከእኛ ጋር አሳፍረን፣ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ለእሳቸው ለብቻ ከፈልን። ይህ በጀልባው አገልግሎት ውስጥ የለም፤ ራሳችን ነን የፈጠርነው።

አባባ ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነው። አባይ መውጫ ልንደርስ ስንል እጃቸውን አነሱ። ሞተሩ ጠፋ። ከጉማሬዎቹ ገና ሩቅ ነበርን። “ከዚህ አትለፍ” አሉት ሞተረኛውን። “እነሱ ማታ ሣር ሲግጡ አድረው አሁን መግባታቸው ነው። መንገዳቸውን ልቀቅላቸው።” ደንገሉን ወደ ቀኛችን፣ ጥልቁን ውኃ ወደ ግራችን አድርገን ልናልፍ ነበር። እሳቸው አዞሩን። በደንገልና በጥልቅ ውኃ መካከል ጀልባ አይገባም። እኔ ከመጽሐፍ ያወቅሁትን እሳቸው ከአባታቸው ነው የወረሱት።

ከዚያ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሞተረኛው ቆጥሮ “አምስት ናቸው” አለ። እኔም አምስት አየሁ። አባባ “ቆይ” አሉ። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩን። ጉማሬ ትንፋሹን ይዞ አምስት ደቂቃ ያህል ውኃ ሥር ይቆያል። እየጠበቅን ቆጠርን። ስድስት። ሰባት። አንዷ ደንገሉ ውስጥ ግልገሏን ከጎኗ ሸጉጣ ቆማ ነበር፤ ሣሩ ሲነቃነቅ እንጂ አትታይም። “ዘጠኝ” አሉ። የእህቴ ልጅ ደብተሩ ላይ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ሥሩ ላይ “አባባ ቆጠሩ” ብሎ ጨመረበት።

ስለ አደኑ ጠየቅኋቸው። እንዳይከፋቸው ፈርቼ ነበር። አልከፋቸውም። አባታቸው ከመጨረሻዎቹ አዳኞች አንዱ ነበሩ። በታንኳ፣ በጦር ነበር የሚያድኑት። አንድ ጉማሬ ከወደቀ መንደሩ ሁሉ ይካፈላል፤ ባልቴትም ድርሻ አላት። ቆዳው ለአለንጋ ይሸጣል። “ከዚያስ?” አልኳቸው። “ከዚያ ተከለከለ” አሉ። “መከልከሉን ሰማን። ማንም ጠርቶ አልጠየቀንም።” ወደ ውኃው አዩ። “ጉማሬው አነሰ፤ እኛም አየን። ቢጠይቁን ኖሮ እኛው እንነግራቸው ነበር።”

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉማሬም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡ እንስሳት አንዱ ነው። ስለዚህ ተረዱኝ፤ ጉማሬ ይታደን እያልኩ አይደለም። የምለው ስለ አጠያየቁ ነው።

በዚያን ቀን ማታ ዓሣ ጥብስ ቀርቦልን ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ጉማሬ በዝምድና የሚቀርበው ለዓሣ ነባሪ ነው። አሳማ ይመስላል እንጂ የዘር ጥናቱ የሚያሳየው ይህን ነው። የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደግሞ በሰሜን አላስካ አሉ። ኢኑፒያት ይባላሉ። የበረዶ አገር ነው፤ እህል አይበቅልም። ቦውሄድ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ ከጥንት ጀምሮ እያደኑ፣ ሥጋውን እየተካፈሉ ኖረዋል። ዓሣ ነባሪውን ያመናመኑት እነሱ አይደሉም፤ ለዘይትና አፉ ውስጥ ላለው እንደ ቀንድ ያለ ማጣሪያ ብለው በመርከብ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳትን መግደል የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን የአላስካን ጠረፍ ነባር ሕዝቦች ለይቶ አስቀመጠ። ለምግብና ለእጅ ሥራ ማደን ይችላሉ፤ ማባከን ግን የለም። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ቦውሄድ በጣም ጥቂት ቀርቷል ብሎ የእነሱንም አደን ዘጋባቸው። እዚህ ድረስ የእኛን ይመስላል። ከላይ መጣ፤ ተከለከለ።

አዳኞቹ ግን በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ። ቆጠራው ልክ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ዓሣ ነባሪው በበረዶ ሥር ያልፋል፤ በረዶ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚያየው በክፍቱ ውኃ ብቅ ያለውን ነው። ይሉ የነበረው ይህንን ነው። በ1978 ዓመት 12 ዓሣ ነባሪ ገድሎ ማውጣት ወይም 18 መውጋት ተፈቀደላቸው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ያበቃል። ትንሽ ናት፤ ግን በሩ ተከፈተ። ቀጥሎ ተመራማሪዎች ከውኃ ሥር ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ አስገብተው ቆጠራውን አሻሻሉ። አዳኞቹ ልክ ነበሩ። በ1981 መንግሥት ከኮሚሽናቸው ጋር ተፈራርሞ አደኑን አብረው ማስተዳደር ጀመሩ። በ2011 የተገመተው የዓሣ ነባሪ ብዛት ከ16,000 በላይ ነው። ከ2019 እስከ 2025 ላሉት 7 ዓመታት ለአላስካና ለሩሲያዋ ቹኮትካ ነባር ሕዝቦች በአንድ ላይ የተፈቀደው 392 ዓሣ ነባሪ ነበር። ሥጋው ለገበያ አይቀርብም፤ ይከፋፈላል።

ልጁ ይህን ሰምቶ ሲያበቃ “ልክ እንደ አባባ!” አለኝ። አምስት ያልነው ዘጠኝ መሆኑ ነው ትዝ ያለው። እኔ ሳልነግረው ያገናኘው እሱ ነው።

ጣና አላስካ አይደለም። እዚያ ሥጋው የሕዝቡ ክብር ነበር፤ እዚህ ሥጋው የመናቂያ ምክንያት ሆነ። እዚያ ዓሣ ነባሪው አገግሟል፤ እዚህ ጉማሬው ጥቂት ነው፤ ማታ ማሳ ገብቶ የሚያጠፋበት ገበሬም ምሬቱ እውነት ነው። ማካ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1855 በተፈረመ ውል የማደን መብታቸው ተጽፎ እያለ፣ ዓሣ ነባሪው ሲመናመን በ1920ዎቹ ራሳቸው አደናቸውን አቁመዋል። የሚያድን ሰው የሚያድነው እንስሳ እንዲያልቅ አይፈልግም። አባባ “እኛም አየን” ያሉኝም ይህንኑ ነው።

ወደ ጀልባው ልመለስ። ጣና ላይ ጉማሬ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ገንዘብ ይከፍላል። ገንዘቡ ለጀልባው ባለቤት፣ ለነዳጅና ለአስጎብኚው ይሄዳል። ጉማሬውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ቤተሰብ ግን ዳር ላይ ቆሞ ቅርጫት ይሸጣል። ቅርጫቱም ቢሆን ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ደግሞ እየራቀ ነው አለችኝ ሴትየዋ። የቀድሞ አዳኞች ልጆች ጀልባው ላይ በክፍያ ቢቀመጡ ምን ይጎዳል? ርቀቱን እነሱ ይወስኑ። ቆጠራውንም እነሱ ይያዙት። የአባባ አንድ ጠዋት ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ ይልቅ ለሰውም ለእንስሳውም ደህና ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አስጎብኚዎችም “ወይጦ” ብቻ ብላችሁ በንቀት አትጥሩ። ነገደ ወይጦ በሉ። ስማቸውን የጠራችሁበት ድምፅ እንግዳው ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ለምትሄዱ ሰዎች። ጎህ ሲቀድ ሂዱ፤ ረፋድ ላይ ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ልጅ ያስፈራል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሞተረኛውን “ሩቅ ሆነህ ሞተር ታጠፋለህ?” ብላችሁ ጠይቁት። እሱ እሺ ካላለ ሌላ ፈልጉ፤ ጀልባ ሞልቷል። ዳር ላይ ከሚሸጡት አንዱን ወይም አንዷን አነጋግሩ፤ አብሯችሁ የሚሄድ ሽማግሌ ካገኛችሁ ለእሳቸው የሚገባቸውን ለይታችሁ ክፈሉ፤ ከጀልባው ሒሳብ ላይ አትቀንሱባቸው።

ለመጀመሪያው ቀን ጉዞ ከአምስት አንድ ኮከብ እሰጣለሁ፤ እሷም ለሐይቁ ናት። ለሁለተኛው አምስት።

ልጁ ትንሽዬ ታንኳ ገዛ። አባባ ሲሰናበቱት ከውኃ ባወጣህ ቁጥር ፀሐይ ላይ አቁመህ አድርቀው፤ ካልሆነ ይበሰብሳል አሉት። ሞጣ ከገባን ጀምሮ በየማታው ገንዳ ውስጥ ያንሳፍፈውና ጠዋት ግድግዳው ሥር አቁሞት ትምህርት ቤት ይሄዳል።