ቲ ፒስ፦ ፍሰቱ እስካልጎደለ ድረስ ጥሩ ዕቃ

ታካሚን ከመተንፈሻ ማሽን ለማላቀቅ ከሚያገለግሉ ዕቃዎች መካከል በ«T» ፊደል ቅርጽ የተሠራውን መገናኛ ቱቦ፣ ቲ ፒስን፣ የሚያህል ቀላል የለም። 15 ሚሊሜትሩ አፍ ወደ ታካሚው የአየር ቧንቧ ከገባው ቱቦ ጋር ይገጥማል፤ በአንዱ ክንድ የረጠበ ኦክሲጅን ይገባል፣ በሌላው ትንፋሽ ይወጣል። መብራት አይፈልግም፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ግን ደወልም የለውም። ታካሚው መተንፈስ ቢያቆም የሚጮህ ነገር ስለሌለ፣ ታካሚው ያለ ማሽን ራሱን ችሎ መተንፈስ ይችል እንደሆነ የሚታይበት ሙከራ እስኪያልቅ ነርስ ከአልጋው አጠገብ መራቅ የለባትም።

«ታካሚው ቲ ፒሱን አልቻለም» ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ፍሎው ሜትሩ፣ ማለትም የኦክሲጅኑ ፍሰት መለኪያ፣ ነው። የደከመ ሰው አየር የሚስበው በኃይል ነው፤ በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ይፈልጋል። 5 ወይም 6 ሊትር ብቻ ከተከፈተለት የጎደለውን ከመውጫው ክንድ ይስባል፤ የሚያገኘውም ያልረጠበ የክፍል አየር ነው። ኦክሲጅኑ ይወርዳል፣ አክታው ይደርቃል፣ ጥፋቱ ግን በሳንባው ይላከካል። 40 በመቶ ላይ የተቀመጠ ቬንቹሪ (ኦክሲጅን ሲያልፍበት የክፍል አየር ስቦ የሚቀላቅል መገጣጠሚያ) ለ10 ሊትር ኦክሲጅን 30 ሊትር ያህል አየር ስለሚጨምር 40 ሊትር ይሰጣል። መውጫው ላይ የሚታየው ጭጋግ ታካሚው ወደ ውስጥ ሲስብ ከጠፋ ፍሰቱ አንሷል፤ ይጨመር። እዚያው ክንድ ላይ 30 ሳንቲሜትር ያህል ሽብሽብ ቱቦ መቀጠልም ይረዳል። ጫፉ ፈጽሞ አይደፈን። በቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ወደ ታካሚው ሳይሄድ ይደፋ።

ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሙከራ በደቂቃ 10 ሊትር ሲከፈት 1200 ሊትር ኦክሲጅን ይፈጃል፤ 6000 ሊትር የያዘ ሲሊንደር አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ሲሊንደር እየተቆጠረ በሚሰጥበት ሆስፒታል ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ ኮንሰንትሬተር (ኦክሲጅንን ከክፍል አየር የሚለይ ማሽን) ደግሞ ይህን ፍሰት አይወጣውም።

የመተንፈሻ ማሽኑ ፕሬዠር ሰፖርት (ታካሚው ራሱ አየር ሲስብ በግፊት የሚያግዝ አሠራር) ካለው የመጀመሪያው ሙከራ በእሱ ቢሆን ይሻላል። በ2019 በስፔን 1153 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት 30 ደቂቃ በ8 ሴንቲሜትር ውሃ ፕሬዠር ሰፖርት የተሞከሩት 82.3 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት በቲ ፒስ የተሞከሩት 74 በመቶ በተሳካ ሁኔታ ቱቦው እንደወጣላቸው አሳይቷል። የልብ ድካም ለሚጠረጠርበት ታካሚ ግን ቲ ፒስ ተመራጭ ነው፤ የማሽኑ ግፊት ሲነሳ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፣ የግራ ልብ ሸክምም ይከብዳል፤ በፕሬዠር ሰፖርት ተሸፍኖ የሚያልፈው ድካም እዚህ ይገለጣል። ያኔ ቱቦውን ለማውጣት ከመቸኮል የልቡን ሕክምና ማስተካከል ይቀድማል።

ትንፋሽ በደቂቃ ከ35፣ የልብ ምት ከ140 ካለፈ፣ በደም ያለው ኦክሲጅን ከ90 በመቶ ከወረደ፣ ላብ ወይም መቁነጥነጥ ከመጣ ሰዓቱ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ማሽኑ ይመለስ።

ሲገዛ ቬንቹሪውንና ሽብሽቡን ቱቦ አብሮ የያዘው ስብስብ ይመረጥ። መገናኛው የሚሽከረከር ቢሆን ደግሞ ታካሚው ሲገላበጥ ቱቦው አይጎተትም። ባዶ ቲ ብቻውን ርካሽ ቢሆንም የጎደሉትን ክፍሎች ሁሉ ከሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።