ጮቄ ወይስ ጣና? ብራችሁን የት ብታወጡት ይሻላል?

ደብረ ማርቆስ ስለምኖር ይመስለኛል፣ ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ ወዳጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጎጃም ልንመጣ ነው፤ ጮቄ ይሻለናል ወይስ ጣና?» በስልክ መመለስ ሰለቸኝ፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ጮቄ ተራራ ውጡ። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁን እያዩ ዓሣ መብላት ደስ ይላል፣ አልክድም። በከፈላችሁት ብር ልክ ምን አገኘሁ ካላችሁ ግን ጮቄን የሚያህል የለም።

የጣና ወጪ ሲነሱበት ትንሽ ይመስላል። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሆቴሉም በየዋጋው አለ። ኪሳችሁ የሚራቆተው ውሃው ዳር ስትደርሱ ነው። ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚከራየው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በጉዞ ነው። ለምሳሌ ባለጀልባው 4,000 ብር ቢላችሁ፣ ብቻውን የሄደ ሰው 4,000 ይከፍላል፤ ስምንት ሆነው የሄዱ 500 500 ይደርሳቸዋል። ለብቻ ወይም ለሁለት ጀልባ መኮናተር ብር ማቃጠል ነው። ወደቡ ላይ ትንሽ ቆም በሉና ከሌሎች ተጓዦች ጋር ተቀላቀሉ። ዋጋ ስትነጋገሩ የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ ሒሳቡ ውስጥ መካተቱን አስረግጣችሁ ተስማሙ። አለበለዚያ ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ ላይ ቡናችሁን እየጠጣችሁ «የመጠበቂያ» የሚባል ሒሳብ ይመጣባችኋል።

ከዚያ የገዳማቱ መግቢያ አለ። ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ለብቻ፣ ለአዝዋ ማርያም ለብቻ፣ ለአስጎብኚው ለብቻ። የገዳሙ ክፍያ አያስቆጨኝም። ያንን የግድግዳ ሥዕል ጠብቀው ላቆዩ ሰዎች ቢከፈል ሲያንስ ነው። እህቶቼ ግን ይህን እወቁ፤ ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ሴት አይገባበትም። ጀልባው እዚያ የሚቆም ከሆነ እኩል ከፍላችሁ ዳር ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መንገድ ዳር «የጥንት ነው» እየተባለ የሚሸጠው ብራና ነው። አንድ ዘመዴ ገዝቶት መጥቶ አሳየኝ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሲያሸቱት ገና ጭስ ጭስ ይላል። ጥጉን በረጠበ ጨርቅ ነካ ሳደርገው ቀለሙ ጨርቁ ላይ ወጣ። አዲስ ሥዕል በአዲስነቱ ቢሸጥ እኮ መልካም ሥራ ነው፤ ሠዓሊውም የድካሙን ያገኛል። በጭስ ያረጀውን ግን በጥንት ዋጋ አትግዙ። እውነት ጥንታዊ ከሆነም ቅርስ ነው፤ መንገድ ዳር የሚገዛ ነገር አይደለም።

ሌላው ሞተሩ ነው። ሐይቁ መሃል የቆመ ጀልባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ባለጀልባው ገመዱን ይስባል፤ ሞተሩ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። የሞተሩን ካንዴላ ፈትቶ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አሰረው፣ እንደገና ሳበ። «ፎርጅድ ነው፤ ኦሪጅናሉ የለም፣ ቢገኝም አይቀመስም» አለን። ሥራው ላይ ያለ ሰው ያለው ይህን ነው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ከመውጣቴ በፊት መቅዘፊያና የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይኔ አያለሁ። እናንተም እዩ። የምትሄዱትም በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ያስቸግራል።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወንዙ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ካልሆነ መኪና ኮንትራት ይዛችሁ አትድከሙ።

ጮቄ ላይ ዋናው ወጪ ሁለት ነው፤ መኪናና ጫማ። ከማርቆስ እስከ ረቡዕ ገበያ በሕዝብ ትራንስፖርት በርካሽ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በላይ ላለው ኮንትራት መያዝ ይሻላል። እዚህም ሒሳቡ እንደ ጀልባው ነው፤ አራት አምስት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ ቀላል ይሆናል። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ትርፍ ጎማ መኖሩን፣ ክሪኩም መሥራቱን ሳታዩ አትነሱ። በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል፤ መስከረም አልፎ ብትመጡ ይሻላል።

ጫማው ላይ ግን አደራ። አንድ ወዳጄ የታወቀ ስም የተጻፈበት ቡትስ አዲስ አበባ በውድ ገዝቶ መጣ። ጓሳ ሣሩ ውስጥ ጥቂት እንደሄድን ጤዛው ገባበትና ሶሉ እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። በሲባጎ ጠፍረነው ወረድን። ማርቆስ ላለ ጫማ ሰፊ ስናሳየው በጥፍሩ ጠርዙን ቧጠጠና «ይሄ እኮ ስፌት አይደለም» አለን። እውነቱን ነው፤ ክር የሚመስለው ጎማው ላይ በሻጋታ የወጣ መስመር ነበር። ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። ጫማ ሰፊው ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፋው፤ ያስከፈለው ከጫማው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ጫማው እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ ደህና የአገር ውስጥ ቆዳ ጫማ ግዙ፣ ሳትወጡ በፊት ሶሉን ዙሪያውን አሰፉት። በስም ላይ ብር አትጨምሩ።

ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የጮቄ ጫፍ 4,000 ያልፋል። ብርዱ ቀልድ አይደለም። ጋቢ ያዙ፣ ሲቻል በእጅ የተፈተለውን። ራስ ምታት ከያዛችሁ አትታገሉት፣ ውረዱ።

የምታገኙትስ? መጀመሪያ ቀርቀሃው፣ ከዚያ የገብስና የድንች ማሳው፣ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል። ጅብራ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያብባል፤ አብቦ ይደርቃል። አጠገቡ ስትቆሙ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ይሰማችኋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም ከዚህ ተራራ ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ይህን ለማየት ማንም በየበሩ አያስቆማችሁም። መንገድ የሚያሳያችሁ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ብሩም በቀጥታ እቤቱ ይገባል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ እየገፋ ነው፤ አስታውም ለማገዶ እየተቆረጠ አልቋል ማለት ይቻላል። ቆሞ ያለ ጅብራ ለገበሬው ገቢ ካላመጣለት ዝም ብላችሁ ጠብቁት ማለት ፍርድ አይደለም። ስለዚህ መንገድ መሪውን አትከራከሩት።

አዛውንት ወላጆች ወይም ሕፃናት ይዛችሁ ከሆነ ግን ያለ ክርክር ጣና ሂዱ። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበትም እንዲሁ። ወባ ስላለ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማርቆስን ያልፋታል። ማለፉን ትታችሁ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ሰው ዘንድ ደውላችሁ የመንገዱን ደህንነት አጣሩ። ለጮቄ ከማርቆስ የምትነሱት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከወረደ ፊታችሁ ያለውን ጅብራ እንኳ አታዩትም።