«አልለኩሰውም» ላለን የበርነር ባለሙያ

ምስጋናዬ ዘግይቷል። የጓደኛዬ እጅ እስኪሽር እየጠበቅኩ ስለነበር ነው።

የምንሠራበት የጋዝ ማድረቂያ ምድጃ ካስቸገረን ሰንብቷል። ቁልፉን ስንጫን ይንጣጣል እንጂ አልነድ ይላል። ደግመን እንጫናለን። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው እሺ ስለሚል «አመሉ ነው» ብለን እንስቅ ነበር። አንድ ጠዋት በአራተኛው ፈነዳ። በሩ ተገንጥሎ ወጣ። ፊት ለፊቱ የነበረው ጓደኛዬ እጁና ፊቱ ተቃጠለ። አንዲት ባልደረባችን ሐኪም ቤት እስኪወሰድ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል የቧንቧ ውሃ አፈሰሰችበት። ቅባትም በረዶም ይዞ የመጣውን ሁሉ መለሰች። እሷንም እግዜር ይስጣት።

መጀመሪያ የተጠራው ጠጋኝ መለኮሻውን ቀይሮ «አለቀ፣ ለኩሱት» አለን። ማን ደፍሮ ይጫን?

ሁለተኛው ባለሙያ ግን መፍቻ እንኳ ሳያወጣ ጠየቀ። «እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ማራገቢያው ለምን ያህል ጊዜ ይነፍሳል?» ማናችንም አናውቅም። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍቶ አንዲት አጭር ቀይ ሽቦ አሳየን። ማራገቢያው መንፈሱን ለሳጥኑ የሚነግረውን የአየር ግፊት ስዊች አንድ ሰው በሽቦዋ ዳይሬክት አድርጎታል፤ ማለትም እንዳይቆጣጠር አልፎታል። ማራገቢያው ነፈሰም አልነፈሰም ሳጥኑ «ነፍሷል» ብሎ ጋዙን ይከፍታል። ሳይነድ የቀረው ጋዝ በየሙከራው እዚያው ይጠራቀማል። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየሩ 5 በመቶ ሲደርስ ለመፈንዳት ይበቃዋል፤ ፕሮፔን ደግሞ 2 በመቶ አካባቢ። ኤንኤፍፒኤ 86 የሚባለው የአሜሪካ የምድጃዎች ደንብ ከመለኮሱ በፊት የምድጃውን የውስጥ ይዘት 4 እጥፍ የሚያህል ንጹህ አየር ይግባ የሚለው ለዚህ ነው። የኛ ምድጃ አንድ እጥፍም አላገኘም። ሽቦዋን ማን እንዳስገባት እስካሁን «እኔ ነኝ» ያለ የለም።

አለቆች ሥራ ቆመ ብለው ወጠሩት። «ስዊቹ ሳይቀየር አልለኩሰውም» አለና ቁጭ አለ። ሁለት ቀን ጠበቅን። ከተቀየረ በኋላ የጋዝ ቫልቮቹ ሲዘጉ እንደማያፈሱ ፈተሸ። ከዚያ እሳቱ እየነደደ፣ እሳት መኖሩን ለሳጥኑ የሚነግረውን የነበልባል ሴንሰር ነቅሎ ሴኮንዱን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አራት ሳይል ቫልቩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ያኔ ነው የፈገገው።

«ስሜን አደባባይ አታውጣ» ብሎኛል። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ወይም ቦይለር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ብቻ «ዛሬውኑ አስነሳልኝ» ብላችሁ አትጥሩት፤ ጥሏችሁ ይሄዳል።