አረፋ ለመቅረጽ የቱን ልግዛ? አክሽን ካሜራ ወይስ ያገለገለ ስልክ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ኮምቦልቻ ያሉ የኬሚካል ምህንድስና ልጆች ይደውሉልኛል። «ሪአክተር (ኬሚካሎች የሚዋሃዱበት ዕቃ) ውስጥ አረፋ ሆኖ የሚገባ ጋዝ ከፈሳሹ ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ በምስል ልናሳይ ነው፤ የቱን ካሜራ እንግዛ?» መልሴ አንድ ነው፦ ያገለገለ አይፎን 8።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ያገኘሁትን አክሽን ካሜራ ነበር። 6,500 ብር። ካርቶኑ ላይ «240 ፍሬም» ይላል፤ በሰከንድ 240 ምስል ማለት ነው። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ሳየው እያንዳንዱ ምስል አራት አራት ጊዜ ተደግሟል። እውነተኛው 60 ብቻ ነው። ሻጩ አልመልስም አለ፤ ብሬ ቀልጦ ቀረ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ውሃ ውስጥ 4 ሚሊሜትር የምታህል አረፋ በሰከንድ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ትወጣለች። በ30 ፍሬም ከቀረጻችኋት በአንድ ፍሬም ከ8 ሚሊሜትር በላይ ትዘላለች፤ የቷ የቷ እንደነበረች ይጠፋችኋል። በ240 ግን የምትሄደው 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በጣት እየተከተላችሁ ትለኳታላችሁ። የምንለፋውም ለመጠኗ ነው። ያው ጋዝ በግማሽ ባነሱ አረፋዎች ቢገባ ፈሳሹን የሚነካበት ገጽ እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ በ240 ፍሬም የሚቀርጸውን አይፎን 8 በ15,000 ብር ገዛሁት። ሻጩ 17,000 ብሎ ነበር፤ ስክሪኑ የተቀየረ ስለሆነ 2,000 አስቀነስኩ። ስክሪን ለቀረጻ ምንም አያደርግም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፈልጉ። የኋላ ካሜራው ግን ሌላ ነገር ነው። ክፈቱትና ጆሯችሁን አስጠጉ። ዝዝ ካለ ወይም ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ማረጋጊያው (ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ክፍል) ሄዷል፤ አትግዙ። የእኔ ከወራት በኋላ ሲበላሽ 2,500 ብር ከፍዬ ኮፒ ካሜራ ተገጠመለት። ውስጡ አቧራ ነበረው። በሁሉም ፍሬም አንድ ቦታ የቆመች «አረፋ» እየታየች የሁለት ቀን ቆጠራዬን አበላሸችው። ኦሪጅናሉን ከሌላ ሙት ስልክ አስነቅዬ አስገጠምኩ።

የእውነተኛ ፈጣን ካሜራ ዋጋ ከሺዎች እስከ አስር ሺዎች ዶላር ነው፤ እሱን ተዉት።

የተረፈ ብር ካለ መብራት ላይ ይዋል። ርካሽ የቤት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ 240 ፍሬም ግን ያየዋል። የኤልኢዲ ስትሪፕ በ12 ቮልት ባትሪ አብሩ፤ አረፋዋ ከምትወጣበት ቱቦ ጀርባ አድርጉና ነጭ ወረቀት ጋርዱበት። አረፋዋ ጥቁር ቀለበት ሆና ጥርት ትላለች። ብርሃኑ ካነሰ ጭራ ታበቅላለች። ክብ ቱቦ ምስል ስለሚያጣምም ውሃ የሞላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አቁሙት። መስታወት ቆራጭ 900 ብር ሠራልኝ።

የትኛውንም ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧ ከፈት አድርጉና ጠብታ ቅረጹ። በሁለት ተከታታይ ፍሬም ጠብታዋ እዚያው ከቆመች ዕቃውን መልሱለት።